ይሄ ሳጥናችሁ ይቆነጥጣል

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ላይ ለኔትወርክ ሙያተኞች፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞችና ለተመራቂ ተማሪዎች ስለ ግራውንድ፣ ማለትም የኔትወርክ መሣሪያን ብረት ከመሬት ጋር ስለ ማገናኘት፣ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሦስቱን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከአንዲት እናት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ስዊች፣ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ እንድገጥም ጠራኝ። የኔትወርክ ክፍሏ ጠባብ ናት። ሰው የሚያህል ራክ፣ መሣሪያዎቹ የሚደረደሩበት የብረት ሳጥን፣ ጥግ ላይ ቆሟል። ሥራ ልጀምር ስል ጽዳት የሚሠሩ እናት መወልወያቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ስትነካው ተጠንቀቅ» አሉኝ። «ይሄ ሳጥናችሁ ይቆነጥጣል።»

«እንዴት ማለትዎ ነው እማማ?»

«በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ምንም አይለኝም። እጄ እርጥብ ከሆነ ግን ቁንጥጥ ያደርገኛል። ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር፤ ሳቁ።»

የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ራኩ ላይ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ ቀጥዬ ኮሪደሩ ላይ ካለው የብረት ቧንቧ ጋር አስነካሁት። 104 ቮልት አነበበ።

ራኩ ግን የግራውንድ ሽቦ ነበረው። አረንጓዴና ቢጫ፣ ወፈር ያለ፣ በሥርዓት የታሰረ ሽቦ። ብሎኑን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው የራኩ ቀለም አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም፤ ሽቦው ቀለም ላይ ተጭኖ ነበር የኖረው። ከዚያ መሰላል አምጥቼ ኮርኒሱን ገለጥኩና ሽቦውን ተከተልኩት። ሁለት ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ፣ አቧራ ለብሶ ተኝቷል። ከምንም ጋር አልተያያዘም።

ያንን ሽቦ የዘረጋው ሰው ክፉ አልነበረም። ምናልባት «ኤሌክትሪሽያኑ መጥቶ ያገናኘዋል» ብሎ ሄደ። ኤሌክትሪሽያኑ ደግሞ «የኔትወርክ ልጆች ጨርሰውታል» ብሎ አለፈ። በመሃል እኚያ እናት ስንት ወር እንደተቆነጠጡ እግዜር ይወቅ።

ዛሬ የመጣሁት ይህንን ልነግራችሁ ነው። ሽቦ ማየት ግራውንድ ማየት አይደለም። ከስዊቹ ብረት ጀምሮ እስከ መሬት ድረስ አንድም ቦታ ያልተቋረጠ መንገድ ሲኖር፣ ያንንም ለክታችሁ ስታረጋግጡ፣ ያኔ ነው ግራውንድ አለ የሚባለው።

ነገሩን ሁላችንም ከቤት እናውቀዋለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይነዝራል። እናቶቻችን ሲጋግሩ ኮንጎ ጫማ ያደርጋሉ፣ ወይ ጣውላ ላይ ይቆማሉ። «ይሄ ምጣድ ነዛሪ ነው» እንላለን፣ የተፈጥሮ ጠባዩ ይመስል። ምጣዱ ግራውንድ የለውም፣ በቃ። ቤት ውስጥ የለመድነውን ነገር ወደ ሥራ ቦታ ይዘነው ስለምንመጣ ነው ራክ ሲነዝረን እጃችንን አራግፈን የምንቀጥለው።

ለምን ይቆነጥጣል? በእያንዳንዱ ስዊች፣ ራውተርና ሰርቨር ውስጥ ፓወር ሰፕላይ አለ። መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች ይቀመጣሉ። አንዱ ፌዙን፣ መብራት የሚያመጣውን ሽቦ፣ ከብረት አካሉ ጋር ያያይዛል፣ ሌላው ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ሽቦ፣ ከዚያው ብረት ጋር። የግራውንድ ሽቦው ጤነኛ ከሆነ በነሱ በኩል የምታመልጠው ጥቂት ከረንት በሽቦው ትሄዳለች፣ ማንም አያውቃትም። ሽቦው ከሌለ ብረቱ በፌዝና በኒውትራል መሃል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለቱ ካፓሲተሮች እኩል ስለሆኑ የ220 ቮልት እኩሌታ፣ ማለትም 110 ቮልት አካባቢ ይይዛል። የኔ 104 ከየት እንደመጣ አያችሁ።

ከአንድ መሣሪያ የሚያመልጠው ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ አምፔር በታች። ስፒና ላለው ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ስታንዳርዱ እስከ 3.5 ሚሊ አምፔር ይፈቅዳል። ከዚያ ከበለጠ አምራቹ ማስጠንቀቂያ ይለጥፍበታል፤ መብራት ከመስጠትህ በፊት ግራውንዱን አገናኝ የሚል። ራክ ውስጥ ግን አሥር አሥራ ሁለት መሣሪያ ይኖራል። ሁሉም ከአንድ ብረት ጋር በብሎን ታስረዋል። ትንንሾቹ ይደመራሉ። ሰው 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲያልፍበት ይሰማዋል። ወደ 10 ሲጠጋ ጡንቻው ይጨመደድና የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 በልጦ ከቆየ ልብን ያሰጋል።

ከዚህ የከፋውን ደግሞ አስቡት። አንድ ቀን የአንዱ ፓወር ሰፕላይ ኢንሱሌሽን፣ የሽቦው ልባስ፣ ይቀልጥና ፌዙ ብረቱን ይነካል። ግራውንዱ በትክክል የተሠራ ከሆነ በዚያችው ቅጽበት ከባድ ከረንት በሽቦው ይሮጣል፣ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል። ሰው «ኔትወርክ ሄደ» ይላል፣ ስልካችሁ ይጮኻል። ይሄ መልካም ዜና ነው። ግራውንድ ከሌለ ብሬከሩ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ሌሎቹ መሣሪያዎች ብልጭ ብልጭ እያሉ ይሠራሉ፣ ኢንተርኔትም አለ። ራኩ 220 ቮልት ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ የሚነካው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ጨርቅ የያዘ ሰው ነው።

እስቲ አሁን ወደ ራኩ ጠጋ እንበል።

ራክ ከፋብሪካ ሲመጣ በዱቄት ቀለም ተለብጦ ነው። ጠንካራ ቀለም ነው፣ ያምራል፣ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ መፋቅ ግድ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ላጉን፣ የሽቦው ጫፍ ላይ ታስሮ በብሎን የሚጠብቀውን ቀዳዳ ያለው ብረት፣ ቦታው ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያውን እከበዋለሁ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት የተከበበውን እፍቃለሁ። መጀመሪያ ጥቁሩ ቀለም በዱቄት መልክ ይረግፋል፣ ከዚያ ግራጫ ይመጣል፣ ከዚያ ብረቱ ነጭ ሆኖ ያበራል። እዚያ ላይ አቆማለሁ። በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ዝገት የሚከላከለውን የኮንታክት ቅባት ስስ አድርጌ እቀባለሁ። ከዚያ ላጉ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ ብሎንና ዳዶ። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ሲጠብቅ ብረቱን ይነክሳል፤ ጥቅሙም መንከሱ ነው። ላጉ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ባለ አንድ ቀዳዳው ሰው ሽቦውን በገፋው ቁጥር ይዞርና ይላላል።

ላጉን ደግሞ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ አታስሩት። በፒንሳም አይሆንም። የራሱ መጭመቂያ አለው። በፒንሳ የታሰረ ላግ ዛሬ ይይዛል፣ ከዓመት በኋላ በጣት ሲስቡት ይወጣል። አይቻለሁ።

ከራኩ ወደ ባስባሩ፣ የግራውንድ ሽቦዎች ወደሚሰበሰቡበት የመዳብ ባር፣ የሚሄደው ሽቦ 16 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ ይሁን። ራክ ውስጥ ከየመሣሪያው የሚመጡት ከዚያ ሊቀጥኑ ይችላሉ። ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። የተረፈውን ጠቅልሎ ማሰር የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ለምን እንደማይሆን መብረቅ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ስዊቹን አገላብጣችሁ እዩት። ጀርባው ወይም ጎኑ ላይ አንዲት ምልክት አለች። አንድ ቁም መስመር፣ ከሥሩ እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት አግድም መስመሮች። አጠገቧ ቀለም ያልነካቸው አንድ ወይም ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ከሳጥኑ ውስጥ ላግና ብሎን በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ አብሮ ይመጣል። ይቺ ላስቲክ ነች አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ ጋር ወደ ቆሻሻ የምትሄደው። አትጣሏት። ቅደም ተከተሉንም ያዙ። ስትገጥሙ መጀመሪያ ግራውንድ፣ ከዚያ ፓወር። ስታነሱ መጀመሪያ ፓወር፣ መጨረሻ ግራውንድ።

«ስዊቹ በአራት ብሎን ራኩ ላይ ታስሯል፣ ብረት ለብረት ነው፣ ይበቃል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብሎኑ የሚገባበት የስዊቹ የጎን ጆሮም ቀለም የተቀባ ነው፣ የራኩ ሃዲድም እንደዚያው። ዕድል ካለው ይነካካል፣ ከሌለው አይነካካም። የሰውን ሕይወት በዕድል አናሰላም። ሌላው ስህተት ደግሞ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እያያያዙ መሄድ ነው። መሃል ያለውን ለጥገና የፈታችሁ ቀን ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ግራውንድ አልባ ይሆናሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ሽቦ ይዞ ወደ ራኩ የመዳብ ባር ይሂድ። በሩና የጎን ላሜራዎቹም ይታሰሩ። በር በማጠፊያ ብቻ ነው የተያያዘው፣ ማጠፊያ ደግሞ ቅባትና ቀለም ነው። አጭር ሽቦ ይበቃዋል።

ወደ ሶኬቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት አለ።

አገራችን የሚገባው መሣሪያ ከየአቅጣጫው ነው። ስፒናው አንዳንዴ ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ፣ አንዳንዴ የአሜሪካ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን ክብ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ፣ ግራውንዱ በጎንና በጎን ያሉት ሁለት የብረት ምላሶች። ምን እናደርጋለን? ሱቅ ሄደን ርካሽ አዳፕተር እንገዛለን። አዳፕተሩ ሦስቱን እግር ይቀበላል፣ በወዲያኛው በኩል የሚወጡት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው እግር ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ማከፋፈያውም እንዲሁ። አንዳንዱ የብረት ምላስ ያለው ይመስላል፤ ፈትታችሁ ስታዩት ምላሱ ከሽቦ ጋር አልተያያዘም፣ ገመዱም ውስጥ ያሉት ሁለት ክሮች ብቻ ናቸው። ራክ ላይ የሚገባ ማከፋፈያ ስትገዙ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ በሜትር ለኩት። ነጋዴው ቅር ቢለውም ለኩት።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየን መሣሪያ፣ የራሱ ጉድ አለው። ይሠራ አይሠራ ለማየት ስፒናውን ነቅለን እንሞክረዋለን፣ አይደል? ስፒናው ሲነቀል ግራውንዱም አብሮ ይነቀላል። ዩፒኤሱ ግን በባትሪ 220 ቮልት እየሰጠ ነው። በዚያች ደቂቃ ራኩ በሙሉ ሕያው ሆኖ ያለ ግራውንድ ይቆማል። ሙከራውን በብሬከር አድርጉት፣ ስፒናው በቦታው ይሁን። ራኩ በራሱ ሽቦ ከባስባሩ ጋር የሚታሰርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስፒና ይነቀላል፤ በብሎን የታሰረ 16 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ አይነቀልም።

ሽቦው ከራኩ ወጥቶ ወዴት ይሂድ? ወደ ሕንፃው ዋና የግራውንድ ባር። ወደ ሌላ የትም አይሂድ። ቧንቧ ላይ አትሰሩት፤ አሁን አብዛኛው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ ብረት የሆነውም መሃል ላይ በፕላስቲክ ተጠግኖ ይሆናል። ከኮለን የወጣ ፌሮ አገኛችሁ ብላችሁም አትጠምጥሙበት።

አንድ እምነት ደግሞ አለ፣ ከብዙ ጥሩ ባለሙያ አፍ የሰማሁት። «የኔትወርክ ግራውንድ ንጹሕ ስለሆነ ለብቻው መሆን አለበት» ይላሉ። ከሕንፃው ግራውንድ ጋር ሳያገናኙ ጓሮ ሄደው አዲስ ሮድ፣ መሬት ውስጥ የሚገባ የብረት ዘንግ፣ ይቀብራሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አዲሱ ሮድ ከመሬት ጋር ያለው እንቅፋት 20 ኦም ነው እንበል፤ ለአንድ ሮድ መጥፎ አይደለም። ፌዝ ራኩን ነካ። 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር 11 አምፔርን እንደ ተራ ጭነት ያየዋል፣ አይወርድም። ራኩም እንደነዘረ ይቆያል። መሬት ብቻዋን ብሬከር አታወርድም፤ ይህን ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ከረንቱ ወደ ምንጩ የሚመለስበት የብረት መንገድ ሲያገኝ ነው ብሬከሩ የሚቆርጠው። መመለሻው በሮድና በአፈር ብቻ በሆነበት ቤት ደግሞ አርሲዲ የሚባለው፣ በሚሄደውና በሚመለሰው ከረንት መሃል ያለውን ልዩነት ቆጥሮ የሚቆርጠው መሣሪያ ግድ ነው። ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠመው 30 ሚሊ አምፔር ላይ ይቆርጣል። የአሥር ዩፒኤስና ሰርቨር ጭነት በአንዱ ላይ አታከማቹ፤ የተደማመረው ፍሳሽ ያለ ጥፋት እየጣለ ያስቸግራችኋል። ከፋፍሉት።

ተጨማሪ ሮድ መቅበር ክፋት የለውም። ግን ከዋናው ግራውንድ ጋር በወፍራም መዳብ ይታሰር። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ግራውንድ።

ስለ ሮድ ካነሳን ስለ ጎንደር መሬት እንነጋገር። ግንቦቹ የተሠሩበትን ጥቁር ድንጋይ ታውቃላችሁ። ያ ድንጋይ ከእግራችን በታችም አለ። ከተማው ኮረብታ ላይ ነው፤ ብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ነው። ሮዱን በመዶሻ ስትመቱት ግማሽ ሜትር ገብቶ ድንግ ይላል። አንዳንዱ ሰው እዚያ ላይ በመጋዝ ይቆርጠውና አፈር ይመልስበታል። ከላይ ሲያዩት ሮድ ነው፣ ከሥር የለም። ድንጋይ ከገጠማችሁ ቦይ ቆፍራችሁ መዳቡን አግድም ቅበሩት። ወይም አጠር ያሉ ብዙ ሮዶች ቅበሩና አያይዟቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ቢያንስ የአንዱን ሮድ ርዝመት ያህል ይሁን። ካልራቁ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል።

ወደ አዘዞና ወደ ደንቢያ ስንወርድ ደግሞ ዋልካ ነው። በክረምት ዋልካ ለግራውንድ ግሩም ነው፣ ውኃ ይይዛል። በበጋ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሮዱ አጠገብ ከሆነ አፈሩ ከብረቱ ይሸሻል፣ ኦሙም ይወጣል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ለክታችሁ 4 ኦም አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ። ሚያዝያ ላይ ተመልሳችሁ ለኩት። እውነተኛው ቁጥር የሚያዝያው ነው። ብዙ የቴሌኮም መመሪያዎች 5 ኦም ወይም ከዚያ በታች ይፈልጋሉ። አለካኩ በሦስት ነጥብ ነው። ከሮዱ 30 ሜትር ርቃችሁ የከረንቱን ካስማ፣ በመሃል 18 ሜትር ተኩል አካባቢ የቮልቴጁን ካስማ ትተክላላችሁ። የ30 ሜትሩ 62 በመቶ መሆኑ ነው። ሮዱን በምትለኩበት ጊዜ ከሕንፃው መፍታት ካለባችሁ፣ መጀመሪያ መብራቱን በዋናው ብሬከር አጥፉ። ይህንን አትርሱ።

አሁን መብረቅ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የማያውቅ እዚህ የለም። ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ነው። ዐፄ ኢያሱ አስቀድመው ያሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን በመብረቅ እንደጠፋ ይነገራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ ክረምት ሲገባ ሰማዩ እንዴት እንደሚያጓራ እናውቃለን። እኛ ደግሞ በዚህ ሰማይ ሥር ጣሪያ ላይ የሬዲዮ አንቴና ሰቅለን በመዳብ ኬብል በቀጥታ ወደ ራኩ እናወርደዋለን።

መብረቅ ጉዳት ለማድረስ ሕንፃውን በቀጥታ መምታት አያስፈልገውም። አጠገቡ ቢወድቅ ይበቃል። 10,000 አምፔር በ5 ኦም ግራውንድ ሲያልፍ የዚያ ሕንፃ መሬት ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ወደ 50,000 ቮልት ይወጣል። ሕንፃው ሙሉ በሙሉ አብሮ ከወጣ ራኩ ውስጥ ልዩነት የለም፣ መሣሪያው ይተርፋል። ከሌላ ሕንፃ የመጣ የመዳብ ኬብል ወይም ለብቻው የተቀበረ ሮድ ካለ ግን ያ ሁሉ ቮልት በስዊቹ ውስጥ መንገድ ይፈልጋል። የኔትወርክ ፖርት ውስጥ ያለው መለያ ትራንስፎርመር የሚፈተነው በ1,500 ቮልት ነው። 50,000 ፊት አይቆምም። ስለዚህ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ፋይበር ዘርጉ። ፋይበሩ የብረት ጋሻ ወይም የብረት ክር ካለው ብረቱን መግቢያው ላይ ከግራውንድ ጋር እሰሩት። ከጣሪያ ለሚወርደው የመዳብ ኬብል ደግሞ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ ሰርጅ አሬስተር፣ ድንገተኛውን ቮልቴጅ ወደ ግራውንድ የሚያወርድ መሣሪያ፣ ግጠሙ። የአሬስተሩም ሽቦ ወደዚያው ወደ አንዱ ግራውንድ ይሂድ።

የተጠቀለለው ሽቦ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ለመብረቅ ቀጥ ያለ ሽቦ እንኳ እንቅፋት ነው። አንድ ሜትር ሽቦ 1 ማይክሮ ሄንሪ አካባቢ ኢንደክታንስ፣ ማለትም የከረንትን ድንገተኛ ለውጥ የመቃወም ባሕርይ፣ አለው። ከረንቱ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 10,000 አምፔር ቢወጣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 10,000 ቮልት ይቆማል። ጠቅልላችሁ ስታስሩት ይህ ይብሳል። ሦስት ሜትር ተርፏችሁ ከሆነ ቁረጡት። መዳብ ውድ ነው፣ ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ቁረጡት።

ስለ ኤሌክትሮስታቲክ፣ ሰውነታችን ላይ ስለሚከማቸው ኤሌክትሪክ፣ በአጭሩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ካርድ ስትነካኩ የእጅ ማሰሪያውን አድርጉ፣ ራኩ ላይ ባለው መሰኪያ ሰኩት። ውስጡ የ1 ሜጋ ኦም መከላከያ አለ፤ እናንተን ለመጠበቅ ነው። በተራ ሽቦ አትተኩት።

ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ መለካት ይቀራል። ከስዊቹ ብረት እስከ ባስባሩ ከ0.1 ኦም በታች መሆን አለበት። ተራ መልቲሜትር ይህንን በደንብ አያነብም፤ የራሱ ገመዶች ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ይሆናሉ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክታችሁ የገመዱን ቁጥር ጻፉ፣ ከዚያ ቀንሱ። ዝቅተኛ ኦም የሚለካ መሣሪያ መዋስ ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ሶኬቱ ላይ ሦስት ልኬት ውሰዱ። ፌዝና ኒውትራል 220 አካባቢ። ፌዝና ግራውንድ ከሱ ጋር ተቀራራቢ። ኒውትራልና ግራውንድ ጥቂት ቮልት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልኬቶች 110 አካባቢ ከሆኑባችሁ ግራውንዱ ተንጠልጥሏል፣ የእኚያ እናት ራክ ነው። ሦስቱም ደህና ቢሆኑ እንኳ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም። ሜትሩ የሚስበው ከረንት ኢምንት ስለሆነ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ደህና ይመስለዋል። ስለዚህ የከረንቱን ሙሉ የመመለሻ መንገድ የሚለካ የሉፕ ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ አስለኩት። በፌዝና በግራውንድ መሃል አምፖል እያበሩ መሞከር የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ግራውንዱ የተቋረጠ ከሆነ ከሱ ጋር የታሰረው ብረት ሁሉ በአምፖሉ በኩል ፌዝ ይይዛል። በዚያች ሰዓት በሌላ ክፍል ራክ የሚነካ ሰው ሊኖር ይችላል።

ጥያቄዎች

አንዲት ወጣት ቴክኒሻን እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ራክ ግጠሚ እባላለሁ። ቤቱ ግራውንድ የሚባል ነገር የለውም። ባለቤቱም ወጪ አልፈልግም ይላል። ሥራውን ልተወው?»

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ እንጀራሽ ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ለባለቤቱ ሜትሩን ይዤ አሳየዋለሁ። በቃል የማይገባው ሰው ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል። ከዚያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ሮድ እንዲቀብር፣ ቆጣሪው ቦርድ ላይ ባር እንዲያደርግና አርሲዲ እንዲገጥም ዋጋውን ለብቻ ጽፌ እሰጠዋለሁ። አብዛኛው ሰው ይስማማል። እምቢ ካለ ኬብሉን እዘረጋለሁ፣ ራኩን አቆማለሁ፣ መብራት ግን አልሰጥበትም። ይህን ስላደረግሁ ያጣሁት ሥራ አለ። በእኔ እጅ መብራት በተሰጠው ራክ ሰው ከሚጎዳ ሥራው ይቅር።

አንድ ወንድማችን ደግሞ «ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ምላስ ጋር ባገናኘውስ? መቆንጠጡ ይጠፋል» አለኝ።

ይጠፋል፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያደርገው። ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ ምሰሶው ላይ ወይም ቆጣሪው ውስጥ ይበጠሳል። ያኔ በየመሣሪያው በኩል የሚመጣው ፌዝ በዚያች ድልድይ ዞሮ በቀጥታ ብረቱ ላይ ይወጣል። ራኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ፍሪጁ፣ ሁሉም 220 ይሆናሉ። ብሬከሩም አይወርድም። ሠርታችሁት ከሆነ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ፍቱት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ።

ሦስተኛው ጥያቄ ሮዱ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ጨውና ከሰል ስለ መጨመር ነበር። ከሰሉ እርጥበት ይይዛል፣ ጨውም ኦሙን ያወርዳል፤ አያቶቻችንም ያደርጉት ነበር። ነገር ግን ጨው በዝናብ ይታጠባል፣ እስኪታጠብም ብረቱን ይበላል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሮዱን ስታወጡት እንደ ሸንኮራ ተግጧል። ቤንቶናይት የሚባለውን ሸክላ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ውኃ ይይዛል፣ ብረትም አይጎዳም።

ሰዓታችን ደርሷል። እኚያን እናት ለምትጠይቁኝ፣ ሥራውን ስጨርስ ጠራኋቸው። ጨርቃቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጨመቁ። መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ከዚያ በመዳፋቸው። ከዚያ ምንም ሳይሉ ራኩን ከላይ እስከ ታች ጠረጉት።

ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ይህ ፕሮጀክተር የተሰካበትን ሶኬት አብረን እንለካው። ፌዝና ኒውትራል፣ ፌዝና ግራውንድ፣ ኒውትራልና ግራውንድ። ጠጋ በሉ። ቁጥሩን ማን ይጽፍልኛል?